«ካርድ ሳይወጣ አይነካም»፦ ስለ ድንገተኛ ክፍል ነርሶች የሚባለውና እውነታው

በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባለው ደንገጎ ቁልቁለት ላይ መኪና የተገለበጠበት ሰው ድሬዳዋ ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምታገኘው ነርስ ናት። ስለ እሷ ኃላፊነት ከሚወራው ግን ብዙው ስህተት ነው።

«መጀመሪያ ካርድ ይውጣ፣ ይከፈል።»
አይደለም። ሕይወቱ አደጋ ላይ ላለ ሰው ሕክምናው ይቀድማል፣ ሂሳቡ በኋላ ይደርሳል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 537 ነርስን ጭምር ጠቅሶ፣ ከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎት መከልከል ያስቀጣል ይላል። በባጃጅ ተጭኖ ደም እየፈሰሰው የመጣን ልጅ «ወላጆቹ ይምጡ» ብሎ ማስቀመጥ አይቻልም።

«ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይታያል።»
የሚታየው የባሰበት ነው። ነርሷ የሚጮኸውን አልፋ ዝም ወዳለው ብትሄድ አድልዎ አይደለም። ዝም ያለው መተንፈስ አቅቶት ሊሆን ይችላል።

«ታካሚው የስምምነት ቅጹን ከፈረመ በኋላ ማንም አይጠየቅም።»
ፊርማ ለቸልተኝነት ይቅርታ አይሆንም። ታካሚው የሚደረግለትን አውቆ መስማማቱን ብቻ ያሳያል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 መሠረት ሰው ምርመራም ሆነ ሕክምና አልፈልግም ማለት ይችላል።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ታካሚዋ ሶማልኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ ትናገራለች፣ ነርሷ አማርኛ። አጎት መሃል ገብቶ ሁለት ደቂቃ ያወራና «እሺ ብላለች» ይላል። ምን ተብላ ነው እሺ ያለችው? ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ጠርቶ ከራሷ አፍ መስማት ያስፈልጋል። ራሷን ስታ የመጣች ከሆነች፣ የሚፈርም ዘመድም ከሌለ፣ ሕይወቷን የሚያድነው ሕክምና ፊርማ አይጠብቅም።

«ሐኪም ያዘዘው ነው፣ ነርሷ ምን አገባት?»
በጣም ያገባታል! ይሄ ከሁሉም አደገኛው አመለካከት ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ የተባለው መድኃኒት ሳይበረዝ በቀጥታ በደም ሥር ከተሰጠ ልብ ሊያቆም ይችላል። እንዲህ ዓይነት ትዕዛዝ ያየች ነርስ ሐኪሙን መጠየቅ፣ ካላሳመናት አልሰጥም ማለት፣ ለኃላፊዋ ማሳወቅ አለባት። መርፌውን የያዘው የእሷ እጅ ነው። «ታዝዤ ነው» ማለት ብቻውን አያድናትም። ጠያቂ ነርስን «ደፋር» የሚሉ ሐኪሞች በሽተኛውን እየጎዱ እንደሆነ ቢያውቁት ጥሩ ነው።

«ቤተሰብ ሁሉንም የማወቅ መብት አለው።»
ሆዷን አሟት የመጣች ወጣት እርጉዝ ሆና ብትገኝ፣ ከመጋረጃው ውጪ ለቆመችው እናት መንገር የነርሷ ፋንታ አይደለም። የሙያ ምስጢር ማባከን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስጠይቃል። ሕግ ራሱ እንዲገለጽ የሚያዘው ነገር ሲኖር የተለየ ነው።

«መዝገቡ በኋላ ይሞላል።»
ክርክር ሲነሳ ያልተጻፈን ሥራ ማስረዳት ከባድ ነው። በሰዓት ደግሞ እንቸገራለን፦ አንዱ በሀገራችን ሰዓት ይጽፋል፣ ሌላው በፈረንጅ። እግሩ ደም እንዳይፈስ ታስሮ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሪፈር የተባለ ሰው ወረቀት ላይ «3፡00 ታሰረ» ቢል፣ ተቀባይዋ የትኛውን 3 ሰዓት ትያዝ? ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ማሰሪያ ደግሞ ከታሰረ 2 ሰዓት ካለፈው እግሩን ራሱን መጉዳት ይጀምራል። «ከጠዋቱ 3፡00» ተብሎ ከነስምና ፊርማው ይጻፍ።