የድሮ ቮልስ ሪዘርቭ ምንድን ነው? ሲያንጠባጥብስ?

እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ በፊት የተሠሩ ቮልሶች የነዳጅ ጌጅ የላቸውም። በጌጁ ፋንታ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከሹፌሩ እግር ፊት ለፊት ትንሽ ማንሻ አለች። ማንሻዋ ሰልባትዮው (የነዳጅ ጋኑ) ሥር የተገጠመውን የቤንዚን መክፈቻ ታዞራለች፤ ክፍት፣ ዝግ እና ሪዘርቭ (መጠባበቂያ) የሚባሉ ሦስት ቦታዎች አሏት።

መክፈቻው ከሰልባትዮው ቤንዚን የሚቀበለው በሁለት መግቢያ ነው፤ አንዱ ከፍ ብሎ የቆመ ቱቦ ነው፣ ሌላው ወለሉ አጠገብ ነው። ማንሻዋ ክፍት ላይ ስትሆን ቤንዚን የሚወርደው በከፍተኛው ብቻ ነው። ነዳጁ ከቱቦው አፍ በታች ሲወርድ ሞተሩ መንተፋተፍ ይጀምራል። ያኔ ወደ ሪዘርቭ ማዞር ነው፤ 40 ሊትር ከሚይዘው ሰልባትዮ የቀረችው 5 ሊትር ያህል ማደያ ታደርሳለች። ነዳጅ ከሞላ በኋላ ማንሻዋን ወደ ክፍት ያልመለሰ ሹፌር ግን በሌላ ቀን መንገድ ላይ ይቀራል፤ መጠባበቂያውን ሳያውቅ ጨርሶታላ!

የቮልስ ሰልባትዮ ከፊት፣ ከሹፌሩ እግር በላይ ስለሆነ መክፈቻው ካፈሰሰ ሽታው መኪናው ውስጥ ይገባል። ይህ በቀጠሮ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የብረቱ ሳይሆን የጎሚኒው፣ ማለትም ቤንዚን እንዳያፈስ የሚያሽገው ጎማ ነው። ሰልባትዮው ለወራት ባዶውን ሲቆም የድሮው ቡሽ ወይም ጎማ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ኢታኖል (የአልኮል ዓይነት) የተቀላቀለበት ቤንዚንም ለድሮ ጎማ አይስማማም፤ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር ሲሸጥ እንደነበር የቮልስ ባለቤቶች ልብ ይበሉ። አዲስ ጎሚኒ ሲገዙ ቫይተን የሚባለው ቤንዚን የሚቋቋም የጎማ ዓይነት ከተገኘ እሱን ይምረጡ።

ከመፍታት በፊት የሚያፈሰውን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል። መክፈቻውን በጨርቅ አድርቀው የጠመኔ ዱቄት ይንፉበት፤ መጀመሪያ የሚረጥበው ቦታ ምንጩን ያሳያል። ከሰልባትዮው ጋር የሚገናኝበት ከረጠበ ችግሩ የመጋጠሚያው ጓርኒሲዮን (በሁለቱ መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ነው። የማንሻዋ ዘንግ ዙሪያ ከረጠበ ደግሞ የውስጡ ጎሚኒ አልቋል። ዳዶውን (መክፈቻውን የሚያስረውን ብሎን) አጥብቆ ማሰር የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም እኔ አልመክረውም፤ የሰልባትዮው አንገት ስስ ቆርቆሮ ስለሆነ ከተጠመዘዘ ሌላ ትልቅ ሥራ ይፈጥራል። ተራ ሲሊኮን መቀባትም ዋጋ የለውም፣ ቤንዚን ያለሰልሰዋል።

ሥራው ደጅ ላይ ይሁን። ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ ያላቁ፣ ቤንዚኑን ክዳን ባለው ጀሪካን ይቅዱ፣ ከዚያ መክፈቻውን ያውርዱ። ውስጡ ቀዳዳዎች ያሉት ጎሚኒና በስፕሪንግ ተጭኖበት የሚዞር ክብ ብረት አለ። ብረቱ ከተጫጫረ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ባነጠፉት ረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት በዘይት እያሹ ያስተካክሉት። የማጣሪያውን ወንፊትም አብረው ይጠቡ፤ ዝገቱ ካልወጣ አዲሱን ጎሚኒ ይቆርጠዋል። የድሮው መክፈቻ አካሉ እስካልተሰነጠቀ ድረስ አይጣል።

መልሰው ሲገጥሙ መጀመሪያ ጥቂት ሊትር ብቻ ይጨምሩ። ማንሻዋን በሦስቱም ቦታ እያቆሙ ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አንጥፈው ይጠብቁ፤ ዝግ ላይ ደግሞ ወደ ሞተር የሚሄደውን ጎማ ነቅለው ጠብታ እንደሌለ ያረጋግጡ።