«ዲናሞው ጋለ» ሲባል፦ ከጣና ጀልባዎች ሞተር ክፍል የሚሰሙ የተሳሳቱ አባባሎች

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ በሚመላለሱ ባለ ትንሽ ናፍጣ ሞተር ጀልባዎች ላይ ባትሪ በደከመ ቁጥር የሚረገመው በሞተሩ ዙር ኤሌክትሪክ እያመነጨ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞው (አልተርኔተሩ) ነው። ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ።

«ሞተሩ የሐይቁን ውሃ ስለሚስብ ዲናሞውም ይቀዘቅዛል።»
ውሃው ዲናሞው ጋ አይደርስም። ተራው ዲናሞ የሚበርደው በራሱ ማራገቢያ ከሞተር ሳጥኑ ውስጥ በሚስበው አየር ነው። ድምፁ እንዳይረብሽ ብሎ ሳጥኑን በስፖንጅ የደፈነ ሰው ዲናሞውን ጋቢ አልብሶታል። ጣና ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩም የሳሳ ስለሆነ የማብረድ አቅሙ ያነሰ ነው።

«ቀስ ብዬ ስነዳ ዲናሞው ያርፋል።»
ይሄኛው ነው ብዙ ዲናሞ የፈጀው። ባዶ ባትሪ እንደ ተጠማ በሬ የሰጡትን ሁሉ ይጠጣል፤ ማራገቢያው ግን የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ ነው። ጭነቱ ብዙ፣ ንፋሱ ትንሽ። ባለፈው ክረምት አንድ ጀልባ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) እያቃሰተ ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት በዝግታ ከሄደ በኋላ ዲናሞው ላይ ውሃ ጠብ ባደርግበት ቸስ አለ። መዳብ በጋለ ቁጥር ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ በየ10 ዲግሪው 4 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ አምፔሩ (ወደ ባትሪው የሚሄደው የኤሌክትሪክ መጠን) ወርዷል። ባለቤቱ «ሞቷል» ብሎ ሊያስፈታው ነበር። ሳጥኑን ከፍተን፣ ሞተሩን ትንሽ ከፍ አድርገን ስንነዳ አምፔሩ ተመለሰ።

«ዘጌ ደርሶ መልስ ባትሪውን ይሞላዋል።»
አሲድ ባትሪ እስከ 80 በመቶ ገደማ ፈጠን ብሎ ይቀበላል። የቀረውን እየተሽኮረመመ ስለሚወስድ ሰዓታት ይፈጃል፤ ትልቅ ዲናሞ ቢገጠምም አይቸኩልም። ቴስተሩ (የቮልት መለኪያው) 14 ቮልት ማሳየቱም ዲናሞው እየሞላ ነው ማለት እንጂ ሞልቷል ማለት አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.7 አካባቢ ከቆመ ያኔ ሞልቷል።

«ሊቲየም ባትሪ ከገባ ተገላገልን።»
ሊቲየም አይሽኮረመምም፤ ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ የቻለውን ያህል ይጎትታል። ለተራ ዲናሞ መከራ ነው። መሃል ላይ አምፔር የሚገድብ ቻርጀር ወይም ሙቀት እየለካ የዲናሞውን ጉልበት የሚቆጣጠር ሬጉሌተር ይግባ።

«ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ዲናሞውን መሞከር።»
አደራ! ዳዮዶቹ (ዲናሞው ውስጥ ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) በቅጽበት ሊቃጠሉ ይችላሉ።

አንዳንዴ ደግሞ የጋለው ፑሌጃው (ዲናሞውን የሚያዞረው ጎማ) ብቻ ሆኖ ይገኛል። ዙሪያው ላይ ጥቁር ዱቄት ካያችሁ ቺንጋው (ፑሌጃውን የሚያዞረው ቀበቶ) ላልቶ እየተንሸራተተ ነው።