ከከባድ ሕመም በኋላ ወደ ብስክሌት መመለስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የልብ ሕመም፣ ካንሰር ወይም ከባድ አደጋ ደርሶበት ከሆስፒታል የወጣ ብስክሌተኛ መካሪ አያጣም። ሁሉም «በርታ!» ይለዋል። በቅንነት ከሚነገሩት ምክሮች አንዳንዶቹ ግን ሰውየውን ይጎዱታል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ቆራጥ ሰው የማይችለው ነገር የለም»

ይህን አባባል አልወደውም። ያልተሳካለትን ሰው ሰነፍ ያስመስለዋል። ጣሊያናዊው ሶኒ ኮልብሬሊ በ2021 ጭቃ በጭቃ የነበረውን የፓሪስ–ሩቤ ውድድር ያሸነፈ ብርቱ ነው። በ2022 በካታሎኒያ ውድድር የመጀመሪያውን ቀን እንደጨረሰ ልቡ ቆመ። ሕይወቱ ተረፈ፤ የልብ ምት ሲዛባ በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል መሣሪያም ተተከለለት። በዚያው ዓመት ግን ከፕሮፌሽናል ውድድር ተሰናበተ። ቆራጥነት አንሶት ነው የሚል ማን አለ? አንዳንዱ ገደብ ከፍላጎት በላይ ነው። ማቆምም ራሱ ብርታት የሚጠይቅ ውሳኔ ነው።

«እንደ ድሮዬ ካልሆንኩ ምን ዋጋ አለው?»

ብዙ ሰው ብስክሌቱን የሚሰቅለው በዚህ ሐሳብ ነው። በ1966 በአሜሪካ ዳላስ አምስት ጤናማ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደርጎ ነበር። ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወረደ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ምንም ያልታመሙ ልጆች ናቸው! ታሞ የተኛ ሰው ትንሽ ዳገት ቢያቅተው ምን ይገርማል? ወጣቶቹ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሠልጥነው አቅማቸውን መልሰዋል። የታመመ ሰው ደግሞ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ያስፈልገዋል።

የአሜሪካዊውን ብስክሌተኛ የግሬግ ለሞንድን ታሪክ ብዙዎች ያወሩታል። በ1987 አደን ላይ በስህተት በጥይት ተመታ፤ በ1989 የፈረንሳዩን ታላቅ የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስን በ8 ሰከንድ ብልጫ አሸነፈ። በመሀል ያሉት ሁለት ዓመታት ግን ይዘለላሉ። በእነዚያ ጊዜያት ለሞንድ ወደ ኋላ እየቀረ ተንገላቷል። ቱርን አራት ጊዜ ያሸነፈው ክሪስ ፍሩም ደግሞ በ2019 ከደረሰበት ከባድ የብስክሌት አደጋ በኋላ ለዓመታት ተወዳድሯል፤ የድሮ አቅሙ ግን አልተመለሰም። ኮሎምቢያዊው ብስክሌተኛ ኢጋን በርናል በ2022 መጀመሪያ ልምምድ ላይ ከቆመ አውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ብዙ አጥንቱ ተሰበረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወደ ውድድር ተመለሰ፤ በስፔኑ የቩየልታ ውድድር አንድ ቀን ያሸነፈው ግን በ2025 ነው።

ስለዚህ ራሳችሁን ማወዳደር ካለባችሁ ከሆስፒታል ከወጣችሁበት ቀን ጋር ይሁን። የድሮ ሪከርዳችሁን እያሳየ የሚያበሽቃችሁን አፕ ለጊዜው ዝጉት።

«መጀመሪያ ሞራል ይምጣ፣ ከዚያ እጀምራለሁ»

አብዛኛውን ጊዜ ሞራል የሚመጣው ከጀመሩ በኋላ ነው። ሐኪም ከፈቀደ በቋሚ ብስክሌት አሥር ደቂቃ መርገጥ በቂ መነሻ ነው። ዛሬ አሥር ደቂቃ የረገጠ ሰው ነገ የሚይዘው ነገር አለው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ከልብ ሕመም በኋላ ድባቴ የተለመደ ነው። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከዘጋ፣ ጉዳዩ የሞራል ሳይሆን ሕክምና የሚፈልግ ሕመም ነው። ለሐኪም ይነገር።

«የልብ ምቴ ከፍ ካላለ አልሠራሁም ማለት ነው»

ቤታ ብሎከር የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የልብ ምቱ በመድኃኒቱ የተነሳ ዝቅ ይላል። የድሮው ቁጥር አይሠራም። እየረገጡ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ መናገር ከተቻለ ጥረቱ መጠነኛ ነው። ደረት ካመመ፣ ካዞረ ወይም ትንፋሽ ባልተለመደ ሁኔታ ካጠረ ወዲያው ማቆምና እርዳታ መጥራት።

«የምትፈራ ከሆነ ድሮም ብስክሌተኛ አልነበርክም»

ይሄ ጭካኔ ነው። ቁልቁለት ላይ የወደቀ ሰው አእምሮው ቁልቁለትን ቢጠረጥር ሥራውን እየሠራ ነው። ፍርሃት በስድብ አይለቅም። መጀመሪያ መኪና የሌለበት ሜዳ፣ ቀጥሎ ከሚያምኑት ጓደኛ ጋር ቀለል ያለ ቁልቁለት፣ ያውም እየደጋገሙ። ከበረታ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይረዳል።

«የኤሌክትሪክ ብስክሌት ማጭበርበር ነው»

በፍጹም። ሞተሩ ዳገቱን ያቀልላል እንጂ እግር መርገጡን አይተውም። ድሮ አብረውት ከሚወጡ ጓደኞቹ ኋላ የሚቀር ሰው ውሎ አድሮ መውጣቱን ይተዋል። በሞተር ታግዞ አብሯቸው ከደረሰ ግን በሳምንቱም ይመጣል።