የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝን ከባንክ ገቢ ጋር ማመሳከር

ማመሳከር የሚባለው ወደ ባንክ የገባ እያንዳንዱ ብር የማን እንደሆነና ከየትኛው የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ ላይ እንደሚወራረድ የመለየት ሥራ ነው። በወር መጨረሻ ከሚሠራው የባንክ ማስታረቂያ ይለያል። ማስታረቂያው የመዝገቡንና የስቴትመንቱን ቀሪ ሒሳብ ካስማማ ሥራው አለቀ፤ የአንዱ ደንበኛ ክፍያ በሌላው ስም ተመዝግቦ ቢሆን ግን አያየውም። ባንኩ ልክ ሆኖ ተሰብሳቢ ሒሳቡ፣ ማለትም ከደንበኞች የሚጠበቀው ብር መዝገብ፣ የተበላሸበት ብዙ ነው።

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው የመሃል አዲስ አበባ አካባቢ ለድርጅቶች የሚያቀርብ ነጋዴ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ባንክ ሒሳብ ይከፍታል፤ ገዢው ከራሱ ባንክ ወደዚያው ባንክ ማስተላለፍ ይቀለዋልና። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሁሉንም ባንክ ስቴትመንት በአንድ ኤክሴል ላይ ማሰባሰብ ነው፦ ቀን፣ የማጣቀሻ ቁጥር፣ የከፋይ ስም፣ መጠን። የከፋይ ስም ላይ መተማመን አይገባም። በስሊፕ የገባ ብር የተላላኪውን ስም፣ በሞባይል የተላከው ደግሞ የባለቤቱን ወይም የዘመድ ስም ይዞ ይመጣል። የቴሌብር ሒሳብ ተጠራቅሞ ወደ ባንክ ሲዛወር የብዙ ሰው ክፍያ አንድ መስመር ይሆናል፤ ዝርዝሩ ከቴሌብር በኩል ካልወጣ የሚለይበት መንገድ የለም።

ከስም ይልቅ ማጣቀሻ ቁጥሩ ይሻላል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቁጥር ከ«ኤፍቲ» ቀጥሎ ባሉት ሁለት አሃዞች ዓመቱን፣ በተከታዮቹ ሦስት ደግሞ ከጃንዋሪ 1 የተቆጠረውን ቀን ይናገራል፤ ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። 25181 ማለት ጁን 30 ቀን 2025፣ ማለትም ሰኔ 23 ቀን 2017 ነው። ደንበኛ በቴሌግራም የላከው ስክሪንሹት ቁጥሩን ለመፈለጊያ ይጠቅማል እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ በራስ ስቴትመንት ላይ ያልታየ ገቢ አይመዘገብም።

ሥራውን የሚያከብደው ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ገዢው ከሚከፍለው ላይ ለግብር ቀንሶ የሚያስቀረው ብር፣ ነው። ከፋዩ ድርጅት ወይም መሥሪያ ቤት ከሆነ የሚገባው ብር ብዙ ጊዜ ከደረሰኙ ጋር እኩል አይመጣም፤ ከፍ ያለ ሽያጭ ላይ እኩል ከመጣ እንዲያውም መጠርጠር ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 2 በመቶ የነበረው ተቀናሽ በ2017ቱ ማሻሻያ 3 በመቶ ሆኗል፤ የሚሰላውም ቫት ሳይጨመር ነው። የ100,000 ብር ሽያጭ ከ15 በመቶ ቫት ጋር 115,000 ሲሆን 3,000 ተቀንሶ 112,000 ይገባል። ልዩነቱን የለመደ ሰው ከገባው መጠን ብቻ ስህተቱን ያነባል፦ 111,550 ከሆነ ገዢው ከነቫቱ ቀንሷል፣ 113,000 ከሆነ በድሮው ምጣኔ አስልቷል፣ 85,000 ከሆነ ደግሞ የሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ስላልቀረበለት 30 በመቶ ይዟል። ቫት እንዲይዙ የተሰየሙ ገዢዎች ከቫቱም ስለሚያስቀሩ ለሱ ሌላ የተቀናሽ ደረሰኝ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምዝገባው 112,000 ለባንክ፣ 3,000 ለቅድሚያ ተከፋይ ግብር ዴቢት፣ 115,000 ለተሰብሳቢ ክሬዲት ነው። ገዢው የሚሰጠው የተቀናሹ ደረሰኝ በእጅ እስኪገባ ግን 3,000ው በደንበኛው ስም ተከፍቶ ቢቆይ ይመረጣል። ወረቀቱ ከሌለ ግብር ሰብሳቢው ስለማያቻችለው ሻጩ ያንኑ ግብር ከኪሱ ይከፍላል፤ ደረሰኙን የማምጣት ሩጫም የገንዘብ ሰብሳቢው ነው።

ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ገቢውን ሲመዘግብ ደንበኛውን መርጦ ክፍት ደረሰኞቹ በተዘረዘሩበት ገጽ ላይ ምልክት ማድረግ አለበት። በጎን ባለው የገቢ ገጽ ላይ ከጻፈው ሽያጩ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ደረሰኙም እንዳልተከፈለ ይቆያል። በእኛ ግምት ይህ ከሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ ተደጋግሞ የሚገኘው ነው።

ለብዙ ደረሰኝ በአንድ ጊዜ የተላከ ብር የክፍያ ዝርዝር ከሌለው ደንበኛው ይጠየቃል፤ መልስ ከጠፋ ከአሮጌው ደረሰኝ ይጀመራል። ሁለት ደንበኞች አንድ ዓይነት መጠን ሲከፍሉ በመጠን ብቻ ማዛመድ አደገኛ ነው። ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ እስኪለይ ድረስ በጊዜያዊ ማቆያ፣ በተንጠልጣይ ሒሳብ፣ ይቀመጣል፤ ሽያጭ ተብሎ አይመዘገብም። ቼክ ስንቅ አጥቶ፣ ማለትም በከፋዩ ሒሳብ በቂ ገንዘብ ሳይኖር፣ ሲመለስ፣ በመንገዱ ቋንቋ «ደረቅ» ሲሆን፣ የባንኩን መስመር መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ የተዘጋው ደረሰኝም እንደገና መከፈት አለበት።

በዓመት መዝጊያ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ባንኮች ሒሳባቸውን ጁን 30፣ ማለትም ሰኔ 23 ይዘጋሉ፤ በመንግሥት በጀት ዓመት የሚሄድ ድርጅት ግን ሰኔ 30 ነው የሚዘጋው። ስቴትመንት ሲጠየቅ እስከ ጁላይ 7 ካልተባለ የሰባቱ ቀን ገቢ ይቀራል፤ በእነዚህ ቀናት ደግሞ መሥሪያ ቤቶች በጀታቸው ሳይመለስባቸው ለመክፈል ይሻማሉ።