የፈዚ ስብስብ የመረጃ መለኪያዎች

ፈዚ ማለት ድንበሩ ብዥ ያለ ማለት ነው። የፈዚ ስብስብ የመረጃ መለኪያ ደግሞ ቁርጥ ያለ ድንበር የሌለው ነገር ምን ያህል ብዥታ እንዳለበት በቁጥር የሚያስቀምጥ የሒሳብ ዘርፍ ነው። ምሳሌውን ከአራት ኪሎ እንጀምር፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ያለው እዚያ ነውና የሚመጥነው ሰፈር ነው።

«ለአራት ኪሎ ቅርብ የሆኑ ሰፈሮች» የሚል ስብስብ እናስብ። በተለመደው ስብስብ አንድ ሰፈር ወይ አለ ወይ የለም። በፈዚ ግን አባልነቱ ከ0 እስከ 1 ይሰጠዋል። ለአምስት ኪሎ 1፣ ለፒያሳ 0.9፣ ለሜክሲኮ 0.5፣ ለቦሌ 0.1 ብያለሁ (ማታ ታክሲ ተሰልፎ የጠበቀ ሰው ሜክሲኮን ዝቅ ቢያደርጋት አልከራከርም)።

ይህን ብዥታ ለመለካት ተመራማሪዎቹ ዴ ሉካ እና ተርሚኒ በ1972 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት ቀመር እንዲህ ይሠራል። የአባልነት ደረጃውን በራሱ ሎጋሪዝም ታባዛለህ፣ 1 ለመሙላት የቀረውንም እንደዚያው፣ ከዚያ ደምረህ ምልክቱን ትገለብጣለህ። በመሠረት 2 ሲሰላ አምስት ኪሎ 0 ይሆናል፣ ፒያሳ 0.47 ገደማ፣ ሜክሲኮ 1፣ ቦሌ ደግሞ እንደ ፒያሳ 0.47። ድምሩ 1.94 አካባቢ ነው። ቦሌና ፒያሳ እኩል መውጣታቸው ግር ይላል፤ ግን ቀመሩ ርቀትን ሳይሆን ብዥታን ነው የሚለካው። ቦሌ «ሩቅ» ለመባል፣ ፒያሳ «ቅርብ» ለመባል የቀራቸው እኩል ነው። ከጠቅላላው ብዥታ ከግማሽ በላዩን ሜክሲኮ ብቻዋን ተሸክማለች።

መነሻው የመረጃ ንድፈ ሐሳብ አባት የሚባለው ክሎድ ሻነን በ1948 ያቀረበው ኢንትሮፒ፣ ማለትም ውጤቱ ገና ያልታወቀ ነገር ምን ያህል እንደሚያጠራጥር የሚለካው ቀመር ነው። የፈዚ ስብስብን ባኩ የተወለደው ሎትፊ ዛዴህ በ1965 አቀረበ፤ በ1968 ደግሞ ከፕሮባብሊቲ ጋር ያጣመረ ኢንትሮፒ አስከተለ። የመጀመሪያው የፈዚ ኢንትሮፒ ይሄ ነው የሚሉ አሉ፣ ሊሆን ይችላል። እውነተኛው ጅማሬ ግን ያለ ጥርጥር 1972 ነው፣ ፕሮባብሊቲን ሙሉ ለሙሉ የተወው ያኔ ስለሆነ። ያገር በ1979 ስብስቡ ከተቃራኒው ምን ያህል እንደሚርቅ ለካ፣ ኮስኮ በ1986 ስብስቡና ተቃራኒው የሚጋሩትን ለጥምራቸው አካፈለ። ባንዳሪ እና ፓል በ1993 በሁለት ፈዚ ስብስቦች መካከል ያለውን ልዩነት የሚለካ ቀመር ጨመሩ። ከዚያ ወዲህ ቀመሩ እንደ አሸዋ ነው፤ ብዙው አንድ ፓራሜትር ጨምሮ የተሠራ ነው።

«ፕሮባብሊቲ ካለ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አልጠፉም፤ ከእነሱ አንዱ ስመ ጥሩው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዴኒስ ሊንድሊ ነበር። ክርክሩ ግን ብዙ አያስኬድም። የሻነን ጥርጣሬ ውጤቱ ሲታወቅ ያልቃል። ሜክሲኮ ግን ደርሰህ ብትወርድም፣ መንገዱን በሜትር ብትለካም፣ ያው ግማሽ ቅርብ ናት።

ሥራ ላይ ጎልቶ የሚታየው በምስል ላይ ነው። ፎቶ ላይ ዕቃውን ከጀርባው ለመለየት ኮምፒውተሩ የብሩህነት መቁረጫ ደረጃዎችን እየቀያየረ ይሞክርና ብዥታው ከሁሉ ያነሰበትን ይመርጣል።