ወባ፣ ዘርና ደም በአዳማ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ወባ ይበረታል። ሁለቱም ዋና የወባ ተውሳክ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም፣ አሉ።

ቫይቫክስ ከሰሃራ በታች ባለው አብዛኛው አፍሪካ ብርቅ ነው። ተውሳኩ ቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚገባው ዳፊ በተባለ ፕሮቲን በኩል መሆኑ በ1976 እ.ኤ.አ. ታወቀ። የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ደግሞ ከሞላ ጎደል ይህ ፕሮቲን በቀይ ሴሉ ላይ የለውም። ከዚያ ወዲህ «ጥቁር ሰውን ቫይቫክስ አይዘውም» የሚል ድፍን ሐሳብ ሰፍኖ ቆየ። ለእኛ ግን አይሠራም። ኢትዮጵያ ውስጥ ዳፊ ያለውና የሌለው ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመልክ አይለዩም። በ2010 እ.ኤ.አ. ማዳጋስካር፣ በኋላም እዚሁ አገራችን፣ ዳፊ በሌላቸው ሰዎችም ቫይቫክስ ተገኘ። በየት በኩል እንደሚገባ እስካሁን ያከራክራል።

አዳማ፣ ገና ናዝሬት ስትባል ጀምሮ፣ የወባ ባለሙያ ማሠልጠኛ ናት። ብዙ የማይክሮስኮፕ ባለሙያዎች ሙያቸውን የቀሰሙት እዚህ ነው። ከጣት የወጣች የደም ጠብታ መስታወት ላይ ተቀብታ ጊምሳ በተባለ ማቅለሚያ ትቀለማለች። ቫይቫክስ የገባበት ቀይ ሴል ያብጣል፤ ጥቃቅን ነጠብጣብም ይወጣበታል። ይህን ለይቶ የሚያይ ዓይን ከየትኛውም የዘር ግምት ይበልጣል።

አጠገቧ ያለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 እ.ኤ.አ. በሆላንዶች ተከፈተ። ለሸንኮራው ሥራ ከሐዲያና ከከምባታ ደጋ ብዙ ሰው መጣ። «ደገኛ ወባ አይችልም» ሲባል እንሰማለን። ነገሩ በአብዛኛው የዘር አይደለም። ወባ በሌለበት ያደገ ሰው ሰውነቱ በሽታውን አልተላመደም፤ የቆላ ተወላጅም ደጋ ቢያድግ ያው ነው። በዚያ ላይ መስኖ ዳር፣ ግድግዳው በተሰነጠቀ ቤት የሚያድር የቀን ሠራተኛ መስኮቱን በወንፊት ሽቦ ከጋረደው ሰው ይልቅ ለትንኝ ይጋለጣል።

ዘረመል በትክክል የሚያሳስበው መድኃኒቱ ላይ ነው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚያገረሽ ፕሪማኩዊን የተባለ ክኒን ለ14 ቀን ይሰጣል። ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው ግን ክኒኑን ሲወስድ ቀይ ሴሎቹ ሊፈነዱ ይችላሉ። እጥረቱ በአገራችን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ወንዶች ላይም ይበዛል። ብሔር ጠይቆ መገመት ሕክምና አይሆንም፤ ደሙ መመርመር አለበት። ምርመራው በማይገኝበት ቦታ ታካሚው ሽንቱ ከጠቆረ ክኒኑን አቁሞ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲመለስ ይነገረዋል።