«ስታቢላይዘር አለኝ እኮ!»፦ ስለ ንግድ ቤት መብራት ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ነጋዴዎች ዕቃ ተቃጥሎባቸው ደውለውልኛል። አንዱ ፀጉር ቤት አለው፣ ሌላው እንጨት ሥራ፣ አንዷ እንጀራ ጋግረው ለሆቴሎች ያከፋፍላሉ። ሦስቱም ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «ስታቢላይዘር አለኝ እኮ!» ይህን ንግግር በኤሌክትሪክ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ስንቴ እንደሰማሁት መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁ። ሰው ለፍቶ ያገኘውን ብር አውጥቶ፣ ንብረቴ ተጠብቋል ብሎ ተኝቶ፣ ጠዋት የተቃጠለ ዕቃ ሲጠብቀው ማየት ያንገበግበኛል። የስታቢላይዘሩን፣ ማለትም የሚዋዥቅ ቮልቴጅ የሚያስተካክለውን መሣሪያ፣ ጉዳይ በሰፊው እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

«ህዳሴ ግድብ ተመርቆ መብራት እንዴት ይቆራረጣል?»

ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም ዕንባዬ መጥቷል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ በገዛ ገንዘባችን ሠርተናል። ነገር ግን ማመንጨት ሌላ፣ እናንተ ሱቅ ድረስ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። ተቋሞቹ እንኳ ሁለት ናቸው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመር ያስተላልፋል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ያከፋፍላል። ከግድቡ በ500 ኪሎ ቮልት የተነሳው ኃይል ደረጃ በደረጃ እየወረደ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ሰፈራችሁ ይገባል። እዚያ ምሰሶ ላይ የተቀመጠው ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ይቀይረዋል። ያ ትራንስፎርመር ለመኖሪያ ቤቶች ታስቦ ተተክሎ ዛሬ ብየዳ ቤት፣ ወፍጮና ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ከተጨመሩበት፣ ግድቡ ሞልቶ ቢፈስም ማታ ማታ ኃይል ያንሳችኋል። ጋኑ ሙሉ ነው፤ የሚቀዳበት ማንቆርቆሪያ ግን አንድ ነው።

«ዕቃ የሚበላሸው መብራት ሲጠፋ ነው»

መጥፋቱ ሥራ ያስፈታል እንጂ ሞተር አያቃጥልም። የሚያቃጥለው የቀነሰ መብራትና የጎደለ ፌዝ (መብራት ይዞ የሚመጣው ሽቦ) ነው። የሞተር ጉልበት የሚቀንሰው ቮልቴጁ በቀነሰበት ልክ ሳይሆን ከዚያ በላይ ነው። 220 የነበረው 180 ሲሆን ቮልቴጁ ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ አላጣም፤ ጉልበቱ ግን ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። የተሸከመው ሥራ ስላልቀነሰለት ተጨማሪ አምፔር (በሽቦው የሚፈሰው የመብራት መጠን) ይስባል፣ ይግላል፣ የሽቦው ቫርኒሽ እየበሰለ ይሄዳል። በሙያው የሚታወቅ ልክ አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሽቦው ሽፋን ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። በሦስት ፌዝ የሚሠራ (ስሪ ፌዝ) ሞተር ላይ አንድ ፌዝ ሲጎድል ደግሞ ነገሩ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ሞተሩ እያጓራ አልነሳ ሲል «እስኪ ድገመው» የሚሉ ሠራተኞች የስንት ሞተር ሽቦ አቃጥለው እንደ አዲስ አስጠቅልለዋል! ፌዝ ሲጎድል በራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ የአንድ ትልቅ ሞተር ማስጠቅለያ ዋጋ አያህልም።

«ብሬከሩ እየዘለለ ስላስቸገረኝ ትልቁን አስገባሁ»

ብሬከር ከልክ ያለፈ አምፔር ሲመጣ ቆርጦ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ባለ 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ገመድ ላይ 40 አምፔር ብሬከር ካስገባችሁ፣ ከብሬከሩ በፊት የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ይሆናል።

«መብራት ሲመጣ ፍሪጁን ቶሎ መሰካት ነው»

ቢያንስ ሦስት፣ ቢቻል አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ኮምፕረሰሩ ውስጥ የታመቀው ግፊት ሳይተነፍስ ከተነሳ ታግሎ ይቃጠላል። ሥጋ ቤትና ጭማቂ ቤት ያላችሁ፣ በተለይ እናንተ!

«10 ኬቪኤ ጀነሬተር 10 ኪሎ ዋት ይሸከማል»

አይሸከምም። ኬቪኤ ቮልትና አምፔር ሲባዙ የሚገኘው ነው፤ ኪሎ ዋት ግን በትክክል ሥራ ላይ የሚውለው ኃይል። አብዛኛውን ጊዜ 8 ኪሎ ዋት ነው። ሞተር ሲነሳ ደግሞ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ አምፔር ይስባል፤ ጀነሬተር ስትገዙ ይህንንም አስቡ።

እዚህ ላይ ግን ስለ መጠን ከማውራት ይልቅ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ጀነሬተር ያለ መቀያየሪያ ስዊች፣ ሶኬት ላይ በተሰካ ገመድ ቤቱን ሁሉ የሚያበሩ ሰዎች አሉ። ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። እናንተ ከታች የላካችሁት 380 ወደ ላይ ወጥቶ 15,000 ቮልት ይሆናል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ልጆች አሉት። የቤቱን መስመር ከውጭው ሳይነጥል ጀነሬተር የሚያስነሳ ደንበኛ ካጋጠመኝ፣ ያን ሳላስተካክል ሌላ ሥራ አልነካለትም።

«ስታቢላይዘር ካለኝ ምንም አልሆንም»

አሁን ወደ ዋናው። ባለ እንጀራዋ የደወሉልኝ «ምጣዱ አልሞቅ አለ» ብለው ነበር። ሦስት ምጣድ አላቸው። ስደርስ ምጣዶቹ ቀዝቅዘዋል፤ ከጓዳ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የስልክ ቻርጀሮቹ ሁሉ ሄደዋል። ስታቢላይዘሩም ራሱ ጠቁሯል።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ ይጠብቃል ተብሎ የተሸጠልኝ ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ እሱም ተቃጥሏል። ኒውትራሉን ልየው» አልኳቸው።

ከቆጣሪው አጠገብ ያለው የኒውትራል፣ ማለትም አምፔሩ የሚመለስበት ሽቦ፣ መጋጠሚያ ተቃጥሎ ዱቄት ሆኗል። ከምሰሶ የመጣው ሽቦ አሉሚኒየም ነው፣ ወደ ቤት የሚገባው መዳብ። አንድ ሰው ሁለቱን ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቅልሎታል። አሉሚኒየምና መዳብ በቀጥታ ሲነካኩ፣ በተለይ እርጥበት ካገኛቸው፣ መጋጠሚያው እየተበላ ይሄዳል፤ ሲግል ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይላላል፤ ሲላላ ይበልጥ ይግላል። ለዚህ ሁለቱን ብረቶች ለያይቶ የሚያገናኝ መያዣ ተሠርቶ ገበያ ላይ ይሸጣል። አለመግዛቱ ነው የሳቸውን ጓዳ ያቃጠለው።

ኒውትራል ሲበጠስ ምን እንደሚሆን ላስረዳ፤ ይህን አንዴ የተረዳ ሰው ስለ ስታቢላይዘር ሁለተኛ አይከራከረኝም። ስሪ ፌዝ በገባበት ቤት እያንዳንዱ ፌዝ ከኒውትራል ጋር 220 ቮልት ነው፤ ፌዝ ከፌዝ ግን 380። ምጣዱ በአንዱ ፌዝ፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥኑ በሌላው ናቸው እንበል፤ ሦስተኛውን ለጊዜው እንተወው። ኒውትራሉ ደኅና ሳለ ሁለቱም የየራሳቸውን 220 ያገኛሉ። ኒውትራሉ ሲበጠስ ግን ምጣዱና ፍሪጁ ተከታትለው እንደተቀጠሉ አንድ ዕቃ ሆነው 380ውን ይካፈሉታል። አካፋፈሉም እኩል አይደለም፤ ብዙ ኃይል የሚበላው ዕቃ ትንሽ ቮልት፣ ትንሽ የሚበላው ብዙ ቮልት ይደርሰዋል። 3,500 ዋት ምጣድና 500 ዋት የሚበሉ ዕቃዎች ቢገጥሙ፣ ምጣዱ ወደ 48 ቮልት፣ እነ ፍሪጅ ወደ 332 ቮልት ያገኛሉ። ምጣዱ የቀዘቀዘው፣ ቴሌቪዥኑ የተቃጠለው ለዚህ ነው። የሁለቱም ምክንያት አንድ የላላ መጋጠሚያ ነው።

ታዲያ ስታቢላይዘሩስ? ጀርባውን አዙሬ አሳየኋቸው። ከ140 እስከ 260 ቮልት ይላል። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ሲያንስ ጨምሮ፣ ሲበዛ ቀንሶ ይሰጣል፤ በተጻፈለት ክልል ውስጥ ብቻ። 332 ሲመጣበት የመጀመሪያው ተቃጣይ እሱ ነው። በሰዓቱ ቆርጦ የሚያቋርጥ አለ፣ የማያቋርጥም አለ። ርካሹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከማያቋርጡት ነው።

ኒውትራሉ ጨርሶ ከመበጠሱ በፊት ምልክት ይሰጣል። ምጣድ ወይም ካውያ ሲሰካ የአንዱ ክፍል አምፖል ፈዝዞ የሌላው ክፍል አምፖል ከደመቀ፣ ኒውትራሉ ላልቷል ማለት ነው። መብራት ሲቀንስ ሁሉም ይፈዛል፤ አንዱ ፈዝዞ ሌላው ሲደምቅ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህን ያየ ሰው ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ ባለሙያ ይጥራ። ከቆጣሪው በፊት ያለው የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ንብረት ስለሆነ 905 ደውሉ፤ ራሳችሁ ምሰሶ ላይ አትውጡ፣ ማንንም አታስወጡ።

ከዚህ የባሰም አይቻለሁ። ኒውትራል ሲጠፋ ከውሃ ቧንቧ ወይም ከኧርዝ ዘንግ (ለደኅንነት መሬት ውስጥ ከተቀበረው ብረት) ላይ «ተበድሮ» መብራቱን የሚመልስ ሰው አለ። መብራቱ ይመጣል፣ ባለቤቱም ይመርቀዋል። ከዚያ በኋላ ግን የምጣዱ አምፔር ሁሉ የሚመለሰው በቧንቧው ነው፤ ቧንቧው አንድ ቦታ ቢላላ፣ እጁን የሚታጠብ ልጅ የአምፔሩ መንገድ ይሆናል። ኧርዝ አደጋ ሲመጣ ብቻ የሚሠራ መስመር ነው። ኒውትራል ዕለት ዕለት አምፔር ተሸካሚ ነው። አንዱን በሌላው መተካት ሰው መግደል ነው፣ ይህን ለማለስለስ አልሞክርም።

ስታቢላይዘር ለቀነሰ መብራትስ? እሱንም ቢሆን ሰዎች ከኪስ የማይወጣ ተጨማሪ ኃይል የሚሰጥ ይመስላቸዋል። አይሰጥም፤ የጎደለውን ቮልት በአምፔር ነው የሚከፍለው። 5 ኪሎ ዋት ለሚበላ ዕቃ 220 ቮልት ቢመጣ ወደ 23 አምፔር ይበቃል። 160 ሲመጣ ስታቢላይዘሩ 31 አምፔር ይስባል። በዚያው ቀጭን ገመድ ተጨማሪ አምፔር ሲሄድ ቮልቴጁ ይበልጥ ይወርዳል። ጎረቤታችሁም ስታቢላይዘር አለው፣ የሱም ጎረቤት። ሁሉም ከአንድ ትራንስፎርመር ሲሳሳቡ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈሩ በሙሉ ይፈዛል።

ብዙ ጊዜ ደግሞ መብራቱ የሚቀንሰው ከውጭ ሳይሆን ግቢያችሁ ውስጥ ነው። እንጨት ቤቱ ያለው ደንበኛዬ ከቆጣሪ እስከ ጓሮው ማሽን 40 ሜትር በባለ 2.5 ገመድ አስዘርግቷል። 25 አምፔር ሲስብ መንገድ ላይ ብቻ ወደ 15 ቮልት ይጠፋል። ባለ 10 ገመድ ቢሆን ኖሮ 4 ቮልት እንኳ አይጠፋበትም ነበር። እሱ ግን ገመዱን ትቶ ሁለተኛ ስታቢላይዘር ሊገዛ ነበር። ገመዱን ቀየርን፤ ስታቢላይዘር አላስፈለገውም።

ስታቢላይዘር ጨርሶ አትግዙ አላልኩም። ቮልቴጅ ለሚዋዥቅበት ቤት፣ ለአንድ የታወቀ ዕቃ፣ አቅሙ ተሰልቶ ከተገዛ ጥሩ መሣሪያ ነው። የጥርስ ሐኪም ወንበር፣ የፎቶ ማተሚያ፣ የላብራቶሪ ማሽን ላይ ራሴ ገጥሜያለሁ። ነገር ግን ሁልጊዜ ከፊቱ ሌላ ነገር አስቀድማለሁ፤ ቮልቴጁ ከልክ በላይ ሲበዛ ወይም ሲያንስ የሚቆርጥ፣ ሲስተካከል ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚመልስ መቆጣጠሪያ። እኔ ከ185 በታችና ከ250 በላይ እንዲቆርጥ አድርጌ እሞላዋለሁ። ይህ መሣሪያ ቮልት አይጨምርም፣ አይቀንስም። ዕቃውን ከመስመሩ ያላቅቀዋል፣ በቃ። ባለ እንጀራዋ ጋ እሱ ተገጥሞ ቢሆን ኖሮ ፍሪጁ ዛሬም ይሠራ ነበር።

የሳቸውን ቤት እንዲህ አስተካከልነው። የውጭውን መጋጠሚያ የአገልግሎቱ ሠራተኞች በትክክለኛው መያዣ አሰሩት። እኔ ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ኒውትራል በሙሉ ፈትቼ እንደገና አጠበቅሁ፣ በአንድ ፌዝ ላይ የተከመሩትን ሦስት ምጣዶች ለሦስቱ ፌዞች አንድ አንድ አካፈልኩ፣ ኧርዙን ከቧንቧ ጋር ሳላገናኝ ለብቻው ቀበርኩ፣ መቆጣጠሪያውን ገጠምኩ። የሁሉም ዋጋ ተደምሮ ከተቃጠለው ፍሪጅ በታች ነው።

ለእናንተም አንድ የቤት ሥራ አለኝ። መልቲሜትር ያለው ሰው ጥሩና ለአንድ ሳምንት፣ ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ፣ ቀን 7 ሰዓት ላይ እና ማታ 1 ሰዓት ላይ የሦስቱንም ፌዝ ቮልቴጅ ከኒውትራል ጋር አስለክታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ማሽኖቻችሁ ጠፍተው አንዴ፣ እየሠሩ አንዴ። ማሽን ሲነሳ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ገመዳችሁን ወይም መጋጠሚያችሁን አስፈትሹ። ሁሉም ጠፍቶም ማታ ከ200 በታች ከሆነ ችግሩ ከግቢያችሁ ውጭ ነው፤ ያን ወረቀት ይዛችሁ፣ በዚያው ትራንስፎርመር የምትጠቀሙ ጎረቤቶቻችሁን አስፈርማችሁ፣ በሰፈራችሁ ወዳለው የአገልግሎት ማዕከል ሂዱ። አንዱ ፌዝ 190 ሌላው 245 ካሳየ ደግሞ ሳምንቱን አትጨርሱ፤ ዋናውን አጥፉና የዚያኑ ቀን ኒውትራሉን አሳዩ።